«ደህና ነኝ» ለማለት አንቸኩል

በማኅበራችን የአባላትና የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትንሽ የመኪና አደጋ ነው። ትልቁ አደጋ ራሱን ይናገራል፤ አምቡላንስ ይመጣል፣ ሐኪም ያያል፣ ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል። ትንሹ ግን ተናጋሪ የለውም። መብራት ላይ ቆመን ከኋላ ይገጩናል። ወርደን መኪናውን እናያለን፤ ጭረት ብቻ ነው። ስልክና የኢንሹራንስ ወረቀት ተለዋውጠን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ከሦስት ቀን በኋላ አንገታችን አልዞር ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክንዳችን ይደነዝዛል። ያን ጊዜ ለኢንሹራንሱ ስንደውል «በዕለቱ ደህና ነኝ ብለሽ የለም እንዴ?» እንባላለን።

እኛ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር አባላት ብዙዎቻችን እንጀራችን ከመኪና ጋር የተያያዘ ነው። ታክሲና ኡበር የምንነዳ አለን። አረጋውያንን ለመንከባከብ በቀን ሦስት ቤት የምንዞር አለን። ሌሊት ፓርኪንግ ላይ ሠርተን ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት የምናደርስ አለን። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። ሰው ማንሳትና ማዞር ሥራዋ ለሆነች እህት የትከሻ ሕመም ማለት የቤት ኪራይ ማለት ነው።

ጠበቆች አይደለንም። የምንናገረው አባሎቻችንን ሐኪም ቤትና ጠበቃ ዘንድ እያጀብን ስንመላለስ ያየነውንና የተማርነውን ነው። በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ሕመሙ ዘግይቶ መምጣቱ መብታችንን አያጠፋም። መብታችንን የሚያጠፋው ሕመሙ ሳይጻፍ መቅረቱና ሰውነታችን ሳይለይለት መፈረማችን ነው።

አፋችን ላይ የሚቀድመው ቃል

እኛ ስንገጭ መጀመሪያ የሚወጣን ምስጋና ነው። «ተመስገን፣ ምንም አልሆንኩም»፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ከባሰው አወጣኝ» እንላለን። መልካም ልማድ ነው፤ ማንም እንድትተወው አንመክርም። ፖሊሱ ግን ምስጋናችንን አይጽፍም፤ «ጉዳት የለም» ብሎ ይጽፋል።

ሌላም አለ። የገጨን ሰው ሲንቀጠቀጥ ስናይ «እኔን! አይዞህ» እንለዋለን። በእኛ ዘንድ «እኔን» ማለት ማዘን ነው፤ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው ግን የይቅርታ ቃል ሆኖ ይወጣል፤ ሰሚውም ጥፋቷን አመነች ሊል ይችላል።

ይህ በምንኖርበት አካባቢ ከሌላው አሜሪካ ይልቅ ይከብዳል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ተጎጂዋ 20 በመቶ ጥፋት ካለባት ካሣዋ በዚያው ልክ ይቀነሳል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ተጎጂዋ ላይ ጥቂት ጥፋት እንኳ ከተረጋገጠ ሙሉ ካሣዋን ልታጣ ትችላለች። ዲሲ በ2016 ይህን ሕግ ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች አሻሽሎታል፤ ለመኪና ነጂዎች ግን እንደቆየ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ አንዲት የማያስፈልግ «ይቅርታ» ብዙ ልታስከፍል ትችላለች።

ታዲያ ምን እንበል? እውነቱን። በዚያች ሰዓት እውነቱ «ገና አላወቅሁም፣ ሐኪም ይየኝ» ነው። «አይ አም ኖት ሹር የት» ብንል ይበቃል። ፖሊስ እንጥራ፤ ካልመጣም የሌላውን ሰው ስም፣ ታርጋ፣ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ፎቶ እናንሳ። መኪኖቹ ሳይንቀሳቀሱ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ እናንሳ። ያየ ሰው ካለ ስልኩን እንቀበል።

ቋንቋ ካስቸገረን አስተርጓሚ እንጠይቅ። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንዲያስተረጉሙ ያዝዛል፤ አማርኛም ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆስፒታሎችም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። የአሥር ዓመት ልጃችን የእናቷን ሕመም እንድትተረጉም አናድርግ። ሰዓት ስንናገርም እንጠንቀቅ። ለእኛ «ማታ ሁለት ሰዓት» የሆነው ለእነሱ ስምንት ሰዓት ነው። ፖሊሱ ዘንድ ሁለት፣ ሐኪሙ ዘንድ ስምንት ተብሎ ከተጻፈ፣ ቆይቶ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው «ሁለት ጊዜ ሁለት ነገር ተናገረች» ይላል።

ሰውነት ዘግይቶ ሲናገር

ሕመሙ የሚዘገየው ስለምናስመስል አይደለም። በድንጋጤ ጊዜ ሰውነት የሚለቀው አድሬናሊን ሕመምን ይሸፍናል። ከኋላ ስንገጭ ጭንቅላታችን ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወረወራል፤ የአንገት ጡንቻና ጅማት ይለጠጣል። እብጠቱና መጠንከሩ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በቀናት ውስጥ ነው የሚመጣው። የጭንቅላት መናወጥም እንዲሁ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ መርሳት፣ ብርሃን መጥላት፣ እንቅልፍ መዛባት ቀስ ብለው ሊታዩ ይችላሉ። ተራ ኤክስሬይ አጥንት እንጂ የተለጠጠ ጡንቻና ጅማት አያሳይም። ስለዚህ «ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው» ማለት «አልተጎዳሽም» ማለት አይደለም።

የመኪናው መከላከያም ምስክር አይሆንም። መከላከያ የተሠራው በቀስታ ሲገጭ መኪናው እንዳይበላሽ ነው፤ ለአንገታችን አልተሠራም።

የማይጠብቁ ምልክቶችን ሁላችንም እንወቅ። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ መደናገር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ የደረት ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ 911 እንደውል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ እናቶቻችን ጭንቅላታቸው ከተመታ ባያማቸውም ይታዩ፤ ውስጥ ለውስጥ የሚፈስ ደም ቀስ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር እህቶችም፣ በተለይ ከ20 ሳምንት ወዲህ ያሉ፣ ግጭቱ ትንሽ ቢሆንና ምንም ባይሰማቸውም የዚያኑ ቀን ይታዩ። የእንግዴ ልጁ ከማሕፀን ግድግዳ መላቀቅ መጀመሪያ ላይ ላይሰማ ይችላል፤ ሆስፒታሉ የልጁን የልብ ምት ለሰዓታት ይከታተላል።

ጸሎቱም ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አንገት ማስጠምዘዝ ግን ሐኪም ሳያይ አይደረግ። አንደኛ አደገኛ ነው፤ ሁለተኛም የሚጻፍ ነገር አይተርፍም።

ብዙ እህቶቻችንን ከሐኪም የሚያስቀራቸው ቢል ነው። ይህን እንወቅ፤ ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ገንዘብ ባይኖረንም ሊመረምሩንና አደገኛ ነገር ካለ ሊያረጋጉን ይገባል። ቢሉ ቆይቶ ይመጣል፤ ግን ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የክፍያ ድጋፍ ሊኖራቸው ግዴታ ነው። ማመልከቻውን መጠየቅ አለብን፤ ሳንጠይቅ የሚሰጠን የለም። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይም የደረሰብንን ጉዳት ከመጠየቅ አያግደንም።

በመሐል ያለው ባዶ ጊዜ

አጀስተር የሚባለው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ፋይላችንን ሲያነብ መጀመሪያ የሚፈልገው ባዶ ጊዜ ነው። በአደጋው ቀንና በመጀመሪያው ሐኪም መካከል ስንት ቀን አለፈ? «ካመማት ለምን አምስት ሳምንት ቆየች? በመሐሉ ሌላ ነገር ጎድቷት ይሆናል» ይላል። የእኛ ሥራ ያንን ባዶ ጊዜ በእውነት መሙላት ነው።

አንዲት አባላችን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከኋላ ተገጨች። አረጋውያንን የምትንከባከብ ናት። በዕለቱ ምንም አላላትም። በሦስተኛው ቀን አንገቷ ተያዘ። ያለ ሕመም ፈቃድ የምትሠራ ስለሆነ መድኃኒት እየዋጠች አምስት ሳምንት ሠራች። ወደ እኛ የመጣችው ታካሚዋን ከአልጋ ስታነሳ ክንዷ ሲከዳት ነው። ኢንሹራንሱ ለመኪናዋ ከፍሎ ለእሷ ምንም የለም ብሏት ነበር።

አብረናት ተቀምጠን ስልኳን ከፈትን። በአራተኛው ቀን ለሥራ ባልደረባዋ «የማነሳቸውን ሴትዮ ዛሬ ያዢልኝ፣ አንገቴ አልዞር አለኝ» ብላ ቴክስት ልካለች። በስምንተኛው ቀን ለእህቷ በድምፅ መልእክት ትከሻዋ እንቅልፍ እንደነሳት ነግራለች። ሁለት የፋርማሲ ደረሰኝ ነበራት። የሺፍት መዝገቡ ሦስት ቀን አሳጥራ እንደወጣች ያሳያል። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄድ መቼ እንደተገጨች፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ለምን ሳትታከም እንደቆየች በአስተርጓሚ በሙሉ ተናገረች፤ ሐኪሙም ጻፈው። ባዶ የተባለው አምስት ሳምንት ባዶ አልነበረም። ወራት ፈጅቶ የሕክምናዋንና የቀረባትን ደመወዝ ከነጥቂት ካሣ አገኘች። ሀብታም አልሆነችም፤ ዕዳ ግን አልገባችም፤ ፊዚካል ቴራፒዋንም ጨርሳ ሥራዋን ቀጥላለች።

ስለዚህ ማስታወሻ እንያዝ። በአማርኛ ይበቃል። «ዛሬ አመመኝ» ብቻ አንበል፤ ምን ማድረግ እንዳቃተን እንጻፍ። «ረቡዕ፦ የምጣዱን አክምባሎ በቀኝ እጄ ማንሳት አቃተኝ። ሐሙስ፦ መኪና ወደ ኋላ ሳወጣ ዞሬ ማየት አልቻልኩም።» ሐኪም ፊትም ቋንቋችንን እንጠቀምበት። ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይደነዝዘኛል፣ ይነዝረኛል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለሐኪሙ የተለያየ ነገር ይነግሩታል። አስተርጓሚው ሁሉንም «ሕመም» ብሎ ካሳጠረው እንደገና እንዲለው እንጠይቅ።

በዚያው ልክ ያላመመንን አመመን አንበል። ድሮም ወገባችንን ያመን ከነበረ እንናገር። አደጋው የድሮውን ካባሰው ለባሰው መጠየቅ ይቻላል፤ ደብቀነው ቆይቶ በፋይል ከተገኘ ግን እውነተኛውም ክፍል አይታመንም። ኢንሹራንሶች ፌስቡክና ቲክቶክ ያያሉ። «ትከሻዬን አልችልም» ባልንበት ሳምንት ሠርግ ላይ እስክስታ ስንወርድ የሚታይ ቪዲዮ ከወጣ የሐኪም ወረቀት አያድነንም።

ቀን የማይጠብቅ ነገር

የጉዳት ክስ በፍርድ ቤት ለመክፈት በቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት ነው። የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ ከአደጋው ቀን ነው። ከአጀስተር ጋር በስልክ መነጋገር ይህን ቆጠራ አያቆመውም። «እያየነው ነው» እየተባለ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ የሚያጥሩም አሉ። የገጨን የዲሲ መንግሥት መኪና ከሆነ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በሜሪላንድ የካውንቲ ወይም የከተማ መኪና ከሆነ በ1 ዓመት ውስጥ። ከአንድ ታካሚ ቤት ወደ ሌላ ታካሚ ቤት ስንሄድ ከተገጨን ጉዳዩ የሥራ ላይ ጉዳትም ሊሆን ይችላል፤ ለአለቃችን በጽሑፍ እናሳውቅ። በቨርጂኒያና በዲሲ 30 ቀን፣ በሜሪላንድ 10 ቀን ነው፤ ስለዚህ የዚያኑ ሳምንት ማሳወቅ ነው የሚሻለው።

የራሳችንን ኢንሹራንስም እናንብብ። በሜሪላንድ በጽሑፍ ካልተውነው በቀር ፒ.አይ.ፒ. የሚባል ሽፋን አለን። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ለሕክምናና ለቀረብን ደመወዝ ቢያንስ እስከ 2,500 ዶላር ይከፍላል። «ወርሃዊ ክፍያሽ ይቀንሳል» ተብለን የምንፈርመው መተዊያ ይህንን ነው የሚያስጥለን። በዲሲ ይህ ሽፋን በምርጫ የሚገዛ ነው፤ ካለንም ለመጠቀም መምረጣችንን በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብን፤ ምርጫው ሌላውን ሰው የመክሰስ መብታችንን ስለሚያጠብ አስቀድመን ጠበቃ እንጠይቅ። በቨርጂኒያ ደግሞ በተጨማሪ የሚገዛ የሕክምና ክፍያ ሽፋን አለ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሲያጋጥመንም ተስፋ አንቁረጥ፤ በሦስቱም አካባቢዎች በራሳችን ኢንሹራንስ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሽፋን አለ።

ፊርማ

ለራሳችን ኢንሹራንስ አደጋውን ቶሎ ማሳወቅና መተባበር ውላችን ነው። ለሌላው ሰው ኢንሹራንስ ግን ድምፃችንን እንድንቀዳ ግዴታ የለብንም። የሚደውለው ሰው ትሑት ነው፣ «እንደምን አለሽ?» ይላል፤ እኛም በጨዋነት «ደህና» እንላለን፤ ይቀዳል። «ጥያቄዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

የመኪናውና የሰውነታችን ጉዳይ ሁለት ናቸው። የመኪናውን ተቀብለን የሰውነታችንን ማቆየት እንችላለን። ቼኩ ወይም ወረቀቱ ላይ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ካለ ወይም «ሪሊዝ» የሚባል ቅጽ ከተላከ ሳናስነብብ አንፈርም። ባንክ ከማስገባታችንም በፊት እናሳይ።

አንዲት ሌላ እህታችን በአሥረኛው ቀን ጥቂት መቶ ዶላር ቀረበላት። የእቁብ ቀኗ ደርሶ ነበር፤ ሁለት ቀንም ሥራ ቀርታ ነበር። ፈረመች። በሦስተኛው ወር ትከሻዋ ተመርምሮ ረጅም ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ተገኘ። ወረቀቱ «አሁን የሚታወቀውንም ወደፊት የሚታወቀውንም» ይል ነበር። ሕክምናዋን ዛሬም ከኪሷ እየከፈለች ነው። እሷ ላይ የምንፈርደው ነገር የለንም፤ እቁብ ሲደርስ ምን እንደሚጨንቅ ሁላችንም እናውቃለን። የማንፈርመው ሐኪሙ «ድነሻል» ወይም «ከዚህ በላይ አይሻልም» እስኪል ነው። አሁን የፈረመች ካለችም የዚያኑ ቀን ጠበቃ ትጠይቅ፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከአደጋው በኋላ ወዲያው የተፈረሙ አንዳንድ ወረቀቶችን በአጭር ጊዜ ውስጥ ማፍረስ የሚቻልበት ጠባብ በር አለ።

የጉዳት ጠበቆች አብዛኞቹ መጀመሪያ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ካገኙ ብዙ ጊዜ ሲሶውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ ድርሻው ስንት ይሆናል? ወጪው ከማን ይቆረጣል? ሜዲኬይድ ወይም የጤና ኢንሹራንስ የከፈለውን መልስ ካለ ማን ይደራደራል? በመጨረሻ እጄ የሚገባው ስንት ነው? ሳንጠራው በማግስቱ ደውሎ «ጠበቃ አለኝ፣ ሐኪምም አለኝ» ከሚል ሰው እንራቅ።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

እህቶቻችን፣ ያየነውን አንድ ላይ ስናስቀምጠው የሚያጎድለን ዕውቀት ብቻ አይደለም። ሐኪም ቤት የማንሄደው የመጀመሪያው ቢል ስለሚያስፈራን ነው። ቶሎ የምንፈርመው የወሩ ኪራይ ስለደረሰ ነው። ይህን ደግሞ ብቻችንን አንችለውም፤ ለዚህ ነው ማኅበር ያለን።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር ለውሳኔ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከድንገተኛ መረዳጃ ገንዘባችን አደጋ ለደረሰባት አባል ለመጀመሪያው የሐኪም ጉብኝትና መጓጓዣ ያለ ወለድ ብድር ይሰጥ፤ ካሣ ካገኘች ትመልስ፣ ካላገኘች ኮሚቴው ይይ። ሁለተኛ፣ እቁብ ውስጥ ላሉ አባላት በአደጋ ጊዜ ተራ የሚለዋወጡበት ስምምነት ከእቁብ ሰብሳቢዎች ጋር ይደረግ፤ ማንም ለእቁብ ስትል ትከሻዋን አትሽጥ። ሦስተኛ፣ በየሰፈሩ ሁለት ሁለት አባላት ይመደቡ፤ የተገጨች እህት ስትደውል በአንድ ቀን ውስጥ ቤቷ ይድረሱ፣ ሐኪም ዘንድ ያጅቧት፣ ደብተሯንም ያስጀምሯት።

ለደጋፊዎቻችን ይህን እንላለን። ገንዘባችሁ ለክርክር አይውልም። የሚውለው አንዲት ሴት በመጀመሪያው ሳምንት በሐኪም እንድትታይ ነው። ያ አንድ ጉብኝት ሕመሟን ያሳክማል፤ መብቷንም በወረቀት ያቆያል።

አሁን እጅ እናውጣ። የመጀመሪያው ሐሳብ ላይ ጥያቄ ያላት እህት ትናገር።